ከሦስቱ የታመመው የትኛው ነው?

አንድ ልመንህ የሚባል ሰዓት ሠሪ ነበር። በአንዲት ኮረብታማ ከተማ፣ ገበያ ዳር፣ በአንድ አናጢና በአንድ ባለወፍጮ መካከል ጠባብ ሱቅ ነበረችው። አናጢው ታፈረ ይባላል፤ ባለወፍጮው አዱኛ። ሦስቱ ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ ወዳጆች ናቸው። ምሳቸውን ከአንድ ሳህን ይበላሉ፤ ከምሳ በኋላ በለስላሳ ቆርኪ ዳማ ይጫወታሉ፤ ከዚያ እየተሰዳደቡ ወደየሥራቸው ይገባሉ። የሚሰዳደቡት ስለሚዋደዱ ነው፤ ገበያተኛውም ይህን ስለሚያውቅ ማንም ሊገላግላቸው አይሞክርም ነበር።

ባለፈው ዓመት ታፈረ ቆርቆሮ ሲመታ ከጣራ ላይ ወድቆ ቀኝ እግሩ ተሰበረ። ወራት በጄሶ፣ ወራት በምርኩዝ አሳለፈ። በመጨረሻ ሐኪሙ «አጥንቱ ገጥሟል፤ የቀረው ያንተ ነው» ብሎ አሰናበተው። ከዚያ ወዲህ የታፈረ ሥራ ሁሉ መሬት ላይ ሆነ። በርና መስኮት ይሠራል፤ ወንበርና ጠረጴዛ ይጠግናል፤ ጣራ ግን አይነካም።

ወዳጆቹም ጠባያቸው ተለወጠ። ታፈረ ሲመጣ ተነሥተው ወንበር ይለቁለታል። ሳህኑ ላይ የተገኘችውን ሥጋ ወደ እሱ በኩል ይገፏታል። ስድቡ ቀረ። ዳማ ሲጫወቱማ ልመንህ የሚበላውን ቆርኪ እያየ እንዳላየ ያልፋል፤ አዱኛ ደግሞ ንጉሥ ለማውጣት አንድ እርምጃ ሲቀረው ቆርኪውን ወስዶ ታፈረ በሚበላበት ቦታ ያስቀምጠዋል። እንዲህ ሆኖ ታፈረ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን አልተሸነፈም። ሲያሸንፍ ፊቱ ለምን እንደሚጠቁር ልመንህ አይገባውም ነበር። «እግሩ ትዝ ብሎት ይሆናል» ይልና በማግሥቱ ይበልጥ ይሸነፍለታል።

አንድ ቀን ታፈረ አንድ ወረቀት ይዞ ምሳ ላይ መጣ። በከተማይቱ ግማሽ ማራቶን ሊሮጥ ነው። ሃያ አንድ ኪሎሜትር ነው፤ ከጧቱ አንድ ሰዓት ይጀመርና ልክ አራት ሰዓት ሲሆን የመጨረሻው በር ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የደረሰ ሰው እንዳልሮጠ ይቆጠራል።

«ሦስታችንንም አስመዝግቤአለሁ» አለ ታፈረ።

አዱኛን የጎረሰው ትን አለው። አዱኛ ከወፍጮው እስከ ቤቱ ያለችውን መንገድ እንኳ ሰው ካገኘ ጋሪ ላይ ተንጠልጥሎ የሚሄድ ሰው ነው።

«ስሙኝ» አለ ታፈረ። «የአዲሱን ትምህርት ቤት ጣራ ሥራ ብለውኛል። ሦስት ፎቅ ነው። ሰኞ፣ ከሩጫው ማግሥት፣ መልስ እሰጣለሁ ብያለሁ። እግሬ ይችል አይችል እኔም አላውቅም፤ ሐኪሙም አያውቅም። ከእናንተ ጋር ልሩጥና ልየው። ከእናንተ እኩል ከሆንኩ እወጣለሁ። ካልሆንኩ ደግሞ ቁርጤን አውቄ እዚሁ እንጨቴን እየላግሁ እኖራለሁ።»

ነገሩ ግልጽ ነበር። ሰውዬው አናጢ ነው፤ የጠየቀውም ልኬት ነው። ልመንህ ግን የሰማው ሌላ ነገር ነበር። እሱ የሰማው «ተስፋ ልቆርጥ ነው፤ ይህን ሩጫ ካልጨረስኩ ሁለተኛ እሰበራለሁ» የሚል ነው። አዱኛም የሰማው ይህንኑ ነው። ታፈረ እጁን ሊታጠብ ወጣ ሲል ሁለቱ አንገት ለአንገት ተያይዘው ተንሾካሾኩ።

«እንዳንቀድመው» አለ ልመንህ።

«ምን ቆርጦን» አለ አዱኛ።

ለሩጫው ሁለት ወር ቀርቶታል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ጎህ ሲቀድ፣ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ተገናኝተው ሊለማመዱ ተስማሙ። ቀድሞ የነቃ በስልክ ሌሎቹን ይቀሰቅሳል ተባለ። የመጀመሪያው ሳምንት ደህና ሄደ። በሁለተኛው ሳምንት ልመንህ ነቃና ስልኩን አነሣ፤ ከዚያ «ምስኪን፣ ትናንት ሲያነክስ ነበር፤ ይተኛ» ብሎ መልሶ አስቀመጠውና ራሱም ተኛ። ኋላ እንደታወቀው ታፈረም በዚያው ሰዓት ስልኩን ይዞ «ልመንህ ትናንት ሲያለከልክ ነበር፤ ይረፍ» ብሎ ሳይደውል ቀርቷል። አዱኛ ደግሞ ስልኩ አለመጮሁን አይቶ «ካልደወሉማ ደክሟቸው ነው፣ ላስቸግራቸው አይገባም» ብሎ ብርድ ልብሱን ተከናንቧል። ይህን የመሰለ ደግነት ለእንቅልፍ ይመቻል።

በዚያ ቀን ምሳ ላይ ማንም ማንንም «ለምን አልደወልክም» ብሎ አልጠየቀም። ወቀሳ ይሆናላ።

«እኔ እንኳ ብቻዬን ትንሽ ሮጥ ሮጥ ብያለሁ» አለ ልመንህ፣ ሌሎቹ ልምምዱን ያስቀሩበት መስሏቸው እንዳይሳቀቁ።

«እኔም» አለ አዱኛ።

«እኔም» አለ ታፈረ።

ከሦስቱ እውነቱን የተናገረው አንዱ ብቻ ነበር። እንዲህ እየተዛዘኑ፣ እየተዋሹም፣ ሁለቱ ወር አለቀ። ልመንህ የሮጠባቸውን ቀኖች በጣቱ ቢቆጥር አንድ እጁ ይበቃዋል።

የሩጫው ዕለት፣ እሑድ ጧት፣ ሦስቱ አንድ ዓይነት ካኒቴራ ለብሰው ከሕዝቡ መካከል ቆሙ። ልመንህ ራሱ የጠገናትን፣ አንዲት ሰከንድ የማትሳሳተውን ሰዓት አሥሯል። በልቡም አንድ ሐሳብ ብቻ ነበረው። «ምንም ይሁን ምን ታፈረ አራት ሰዓት ሳይሞላ በዚያ በር ይገባል። የመጨረሻው ሰውም አይሆንም። የመጨረሻው እኔ እሆናለሁ።»

ፊሽካው ሲነፋ ልመንህ ለታፈረ ብሎ ቀስ ሊል አሰበ። ታፈረ ግን ፈጠን ብሎ ተነሣ። ልመንህ «ብቻውን ብተወው ይከፋዋል» ብሎ ተከተለው። አዱኛ ሁለቱ ሲፈተለኩ አየና «ለካ እውነትም ሲለማመዱ ከርመዋል» እያለ ጎኑን ይዞ ከኋላ ኳተነ። ሦስተኛው ኪሎሜትር ላይ የልመንህ ትንፋሽ ይቆራረጥ ጀመር።

«ደከመህ?» አለው ታፈረን።

«አይ። አንተስ?»

«እኔማ ገና ምኔ ተነክቶ።»

«እንግዲያ እንፍጠን?»

«ለእኔ ብለህ ከሆነ ይቅርብህ።»

«እኔ ደግሞ ላንተ መስሎኝ ነው የፈጠንኩት» አለ ታፈረ።

ከዚህ በኋላ ልመንህ መፍጠን ይኑርበት መዝገም ግራ ገባው። ዘገም ሲል ታፈረም ዘገም ይላል። ፈጠን ሲል ታፈረ ይፈጥናል። ጠባብ መንገድ ላይ ተገናኝተው አንዱ ወደ ቀኝ ሲል ሌላውም ወደዚያው የሚልባቸው ሰዎች መሰሉ። ልመንህ የታፈረን ፊት እያየ ድካም ይፈልጋል፤ ታፈረም ዞር እያለ የልመንህን ፊት ይመረምራል። ከኋላቸው አዱኛ የሁለቱን ጀርባ እያየ «ምን እየተባባሉ ነው?» ይላል። መንገዱን የሚያይ አልነበረም።

ስድስተኛው ኪሎሜትር ላይ ውሃ ይታደላል። ልመንህ አንድ ኩባያ አንሥቶ ለታፈረ ሰጠው። ታፈረ ለአዱኛ አሳለፈው። አዱኛ «ኧረ በሞቴ፣ አንተ ጠጣ» ብሎ ለልመንህ መለሰው። ኩባያው ሁለት ጊዜ ዞረ። ጠረጴዛው ላይ ግን መቶ የሚሆን የተሞላ ኩባያ ተደርድሯል። ውሃ የምታድለው ሴት አፏን በነጠላዋ ይዛ ታያቸዋለች። በመጨረሻ ውሃው በመቀባበል ፈስሶ አለቀና ሦስቱም እንደተጠሙ ሄዱ።

ዘጠነኛው ላይ ታፈረ የጫማ ክሩን ሊያሥር ጎንበስ አለ። ልመንህ ወዳጁ ብቻውን የቆመ እንዳይመስለው የታሠረ ክሩን ፈትቶ እንደገና ያሥር ጀመር። አዱኛ ያደረገው ጫማ ክር የለውም፤ ቢሆንም እሱም ጎንበስ አለ። ታፈረ ቀና ሲል የሁለቱን አናት አየ። ፊቱ ዳማ ሲያሸንፍ እንደሚሆነው ጠቆረ። ልመንህ «ወይኔ፣ እግሩ ጀመረው» ብሎ ደነገጠ።

አሥራ ሁለተኛው ኪሎሜትር አጠገብ፣ ከቤታቸው በር ላይ ተቀምጠው ሽንኩርት የሚልጡ አንዲት አሮጊት ሴት ነበሩ። ሯጩ ሁሉ ሲያልፍ ዝም ብለው ሲያዩ ቆይተዋል። እነዚህ ሦስቱ ግን እየተጠባበቁ፣ እየተደጋገፉ፣ እየቆሙና እየተነሡ ሲመጡ ቢላዋቸውን አስቀመጡ።

«ልጆቼ» አሉ፤ «ከሦስታችሁ የታመመው የትኛው ነው?»

ልመንህ ሳያስበው በዓይኑ ወደ ታፈረ ጠቀሰ። በዚያው ቅጽበት ታፈረ በአገጩ ወደ ልመንህ እያመለከተ ነበር። አዱኛ ደግሞ በሁለት እጁ ሁለቱንም ጠቁሟል።

«ጉድ ነው» አሉ ሴትዮዋ። «ታዲያ ጤነኛው ማን ሆኖ ነው የሚያስታምመው?» ብለው ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ።

ልመንህ መንገዱን ቀጠለ፤ ጥያቄው ግን ከእሱ ጋር ቀጠለ። «እኔ? ወደ እኔ ጠቆመ? ምን አየብኝ?» ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ራሱ እግር ተመለከተ። የግራ ተረከዙ ውሃ ቋጥሮ ፈንድቷል፤ ካልሲው ርሷል። ጭኑ እንደ እንጨት ደርቋል። ይህ ሁሉ መቼ እንደሆነ አያውቅም። ከጧት ጀምሮ «ለታፈረ ብዬ ነው የምዘገየው» ሲል ነበር፤ አሁን ግን ያ እውነት ይሁን ውሸት ጠፋበት። ደግነቱ የት ላይ እንዳለቀና ድካሙ የት ላይ እንደጀመረ መለየት አቃተው። «ደክሞኛል» ቢል ታፈረ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ከቆመ በሩ ይዘጋበታል፤ በሩ ከተዘጋ ጣራው ይቀራል። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ። ሰዓቱን አየ፤ ለሦስት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ነው። ገና ዘጠኝ ኪሎሜትር ይቀራል።

አሥራ ሰባተኛው ላይ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል። እዚያ ታፈረ በቀኝ እግሩ ማነከስ ጀመረ። ልመንህም ያነክሳል፤ የእሱ የእውነቱን ነው። አዱኛ ሁለቱ ሲያነክሱ አይቶ፣ ብቻውን ቀጥ ብሎ መሄድ ነውር ሆኖበት፣ እሱም ያነክስ ጀመር። ታፈረ ወደ ግራው አየ፤ ወደ ቀኙ አየ፤ ሁሉም ያነክሳል። የእሱ ማነከስ ከሰው ይብስ እንደሆነ ሊያውቅ የሚችለው እዚያ ቁልቁለት ላይ ብቻ ነበር፤ እሱም በወዳጆቹ ደግነት ተሸፈነበት።

ለአራት ሰዓት አራት ደቂቃ ሲቀረው በሩ ታየ። ሁለት የብረት ምሰሶዎች ናቸው፤ በአንደኛው ሥር ፊሽካ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ የተጠቀለለ ነጭ ገመድ በእጃቸው የያዙ ሽማግሌ ቆመዋል። ልመንህ ደስታው እንባ በእንባ አደረገው። ደረሱ፤ ታፈረ ሊገባ ነው። ለአዱኛ በዓይኑ ምልክት ሰጠውና ሁለቱም እርምጃቸውን ገታ አደረጉ። ታፈረም በሩ ሦስት እርምጃ ሲቀረው ቆመ።

«ግባ እንጂ» አለ ልመንህ።

«እናንተ ግቡ» አለ ታፈረ።

«አንተ ቅደም።»

«ለምን እኔ?»

«ኧረ በሞቴ ቅደም» አለ አዱኛ።

«አልቀድምም። ከእኔ የሚበረታው ማንኛችሁ ነው? እሱ ይግባ።»

ሁለቱ ተያዩ። «ማናችንም» አሉ።

«እሺ፣ ከእኔ የሚደክመው ማንኛችሁ ነው?»

«ማናችንም።»

ልመንህ ሰዓቱን አየ፤ ሠላሳ ሰከንድ ቀርቷል። ታፈረን ወገቡን ይዞ ወደ በሩ ገፋው። ታፈረም የልመንህን ክንድ ይዞ እሱን ወደፊት ጎተተው። አዱኛ ሁለቱንም ከኋላ ሲገፋ ጊዜ፣ ሦስቱም ተጠላልፈው አንድ እርምጃ እንኳ ሳይራመዱ ፊሽካው ተነፋ። ሽማግሌው ገመዱን ከአንዱ ምሰሶ ወደ ሌላው ሳቡት።

«አባቴ» አለ ልመንህ፤ «ሦስት እርምጃ እኮ ነው የቀረን።»

«ሳያችሁ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ሁለት ደቂቃ ሙሉ እዚህ ቆማችሁ ምን ትጠብቁ ነበር?»

«እሱ ይቅደም ብለን ነው።»

«እናንተ ቅደሙልኝ ወይስ እኔን አስቀድሙኝ፣ እሱ የቱን ነበር የለመናችሁ?»

ታፈረ ሁለቱንም እንዳልለመነ ልመንህ አሁን ነው ልብ ያለው። ሽማግሌው ገመዱን ቋጥረው ሄዱ።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው እንዲሉ፣ ልመንህ አሁን ታፈረ ያለቅሳል ብሎ ተዘጋጅቶ ነበር። የማጽናኛ ቃል ሁሉ ይፈልግ ጀመር። ታፈረ ግን አላለቀሰም፤ ተቆጣ። ከወደቀ ጀምሮ ሲቆጣ ያዩት ያን ዕለት ነው።

«ሜትሬ ቢዋሸኝ አውጥቼ እጥለዋለሁ» አለ። «እናንተን ግን የት እጥላችኋለሁ? ነገ ሰኞ ነው። ሦስት ፎቅ ልውጣ ወይስ ልቅር? ሃያ አንድ ኪሎሜትር ሮጬ ከጧቱ የበለጠ ያወቅኩት ነገር የለም። ስቆም ትቆማላችሁ፤ ሳነክስ ታነክሳላችሁ። ዳማውንስ የማላውቅ መሰላችሁ? ዓመት ሙሉ የማይሸነፍ ሰው አለ? ደህና ነህ እያላችሁ፣ እኔም አምኛችሁ ብወጣ፣ ከጣራው የምወድቀው እኮ እኔ ነኝ።»

አዱኛ መሬት መሬቱን ያያል። ልመንህ የገዛ ሥራው ትዝ አለው። ቀጥ ብሎ የቆመ ሰዓት ማንንም አይጎዳም፤ መቆሙን ሁሉም ያያል። ሰውን ከመንገዱ የሚያስቀረው እየዞረ የሚዋሽ ሰዓት ነው። እንዲህ ያለውን ሰዓት ለደንበኞቹ ሲኮንን የኖረ ሰው፣ ለወዳጁ እንዲህ ያለ ሰዓት ሆኖ ዓመት ሞላው። አፈረ። ማፈሩንም ለመደበቅ አቅም አልነበረውም።

«የታመምኩት እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «ከአሥረኛው ኪሎሜትር ወዲህ እግሬ አልቋል። ለአንተ ብዬ የዘገየሁ ይመስለኝ ነበር፤ ለራሴ ነው የዘገየሁት። ልምምድም አልሠራሁም፤ ዋሽቼሃለሁ።»

«እኔም አልሠራሁም» አለ አዱኛ። «ማነከሴም የውሸት ነበር።»

ታፈረ ተራ በተራ አያቸው። «እኔ ሠርቻለሁ» አለ። «ሁለት ወር ሙሉ፣ በየማለዳው፣ ዳገቱን ብቻዬን ስወጣ ነበር። እናንተም ሮጥን ስትሉ አምኛችሁ ነበር።»

ከዚያ ታፈረ ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ጠቆመ። «ከዚህ እስከ ወፍጮ ቤቱ ሦስት ኪሎሜትር ይሆናል» አለ። «ዳገትም ቁልቁለትም አለው። ማንም ማንንም አይጠብቅ። ዞሮ ያየኝ ወዳጄ አይደለም።» ይህን ብሎ ሄደ።

አዱኛ ተከተለው። ልመንህ ጫማውን እየጎተተ ከሁለቱም ኋላ ቀረ። ታፈረ ዳገቱን ሲይዝ ጊዜ ልመንህ ዓይኑን ማመን አቃተው። ሰውዬው በተሰበረ እግሩ አዱኛን ጥሎት ሄደ፤ ጥቂት ቆይቶ ከዓይን ራቀ። ልመንህ በባዶው መንገድ ብቻውን እያዘገመ፣ የሚሰማውን ነገር ምን ብሎ እንደሚጠራው አላወቀም። ተቀድሟል፤ ደግሞ ደስ ብሎታል። ደስ ብሎታል፤ ደግሞ ትንሽ ቀንቷል። ዓመት ሙሉ ሲያዝንለት የኖረው ሰው ከእሱ እንደሚበረታ ማየት አንጀቱን አራሰው፤ ኩራቱን ግን ቧጠጠው። ያን ያህል ጊዜ ሲጥርለት የኖረው ለታፈረ ይሁን ለገዛ ኩራቱ፣ እሱንም አላወቀም።

ከኮረብታው አናት ሲደርስ ቁልቁለቱ ከእግሩ ሥር ተዘርግቶ ታየው። አዱኛ እንደ ተፈታ ጆንያ እየተንከባለለ ታፈረን አልፎት ወርዷል። ታፈረ ግን ወደ ጎን እየሄደ፣ ቀኝ ጉልበቱን በእጁ ደግፎ፣ አንድ አንድ እርምጃ ይወርዳል። ልመንህ ቆሞ አየው። የወዳጁን ሕመም ስፍራ እንዲህ አጥርቶ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር፤ ሊያየው የቻለውም ከኋላ ስለቀረ ነው።

ወፍጮ ቤቱ ሲደርስ ሁለቱ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጠው ውሃ እየጠጡ ነበር።

«ይሄ ሰው ከየት አገር ነው የሚመጣው?» አለ ታፈረ። «ኤሊ እንኳ ቀድማህ አለፈች፤ ሰላም በሉልኝ ብላለች።»

ዓመት ሙሉ የጠፋው ስድብ ነበር። ልመንህ ሳቀና አጠገባቸው ዘፍ አለ።

«ዳገቱን?» አለ ታፈረ፣ ሳቁን ትቶ።

«ማንም አልተጠጋህም።»

«ቁልቁለቱንስ?»

«ደህና ነህ» የሚለው ቃል ልመንህ ምላስ ላይ መጣ። ለምዶበታላ። ዋጠውና «ቁልቁለቱን አልቻልክም» አለ። «ጉልበትህ እንደልብ አይታጠፍም። ከላይ ሆኜ አየሁህ።»

ታፈረ ራሱን ነቀነቀ። አልከፋውም። ሜትሩ ላይ ቁጥር እንዳነበበ ሰው «እሺ» ብቻ አለ።

በማግሥቱ ለትምህርት ቤቱ ሰዎች መልስ ሰጠ። «ጣራውን እሠራለሁ» አላቸው። «ስወጣ ብቻዬን እወጣለሁ። ስወርድ ግን ከታች መሰላሉን የሚይዝልኝ ሰው ያስፈልገኛል፤ እሱንም ራሴ አመጣለሁ።» ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ፣ የሥራ መውጫ ሲደርስ፣ አንድ ቀን ልመንህ፣ አንድ ቀን አዱኛ ሱቃቸውን ቆልፈው ይሄዱና መሰላሉን ጥርቅም አድርገው ይይዛሉ። ጧት ሲወጣ የሚገፋው የለም፤ አያስፈልገውምና።

የጣራው ሥራ በተጀመረ በሦስተኛው ቀን፣ ከሥራ መልስ፣ ልመንህ ዳማ ላይ የታፈረን የመጨረሻ ቆርኪ በላበት። ታፈረ ገበታውን ለረጅም ጊዜ አየው። ልመንህ ፈርቶ ቆርኪውን መልሶ ሊያስቀምጥ እጁን ዘረጋ።

«ደርድር» አለ ታፈረ፣ ፊቱ ፈክቶ። «በዚህ አንላቀቅም።»

እነሆ፣ ለሚወዱት ሰው መሸነፍ ደግነት ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን ሰውየውን ሜትር አልባ ያስቀረዋል፤ ካሸነፈ ማሸነፉን አያምን፣ ከደከመ መድከሙን አያውቅ። እውነቱን ብነግረው ይሰበራል ብለን የምንፈራለት ሰው፣ ምናልባት እውነቱን የምንፈራው እኛ ነን። ድካሙ ከመውጣቱ ላይ ይሁን ከመውረዱ ላይ ካላወቅን፣ መሰላሉን የቱ ጋ ቆመን እንይዝለታለን? ደግነት ከእውነት በኋላ ሲመጣ እጅ ይሆናል፤ ቀድሞ ሲመጣ መጋረጃ ይሆናል።

እናንተስ? ዛሬ ከወዳጆቻችሁ ጋር እየሮጣችሁ ሳለ ከመንገድ ዳር አንዲት አሮጊት «ከመካከላችሁ የታመመው የትኛው ነው?» ብለው ቢጠይቋችሁ ወደ ማን ትጠቁማላችሁ? ከመጠቆማችሁ በፊት ግን ጎንበስ ብላችሁ የራሳችሁን ካልሲ እዩ።